ስለ አንድ የመለያየት ዘፈን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተፈቀደልኝ ጉዳይ ለዚህ በዓል የማይመች ሊመስል ይችላል። ከእኔ በፊት የተነሡት ስለ ግብርናና ስለ ጤና አጠባበቅ ተናግረዋል፤ እኔ የቆምሁት ግን ስለ ዘፈን፥ ያውም ስለ ፍቅር ዘፈን ለመናገር ነው። የሙዚቃ ክበባችን ከተቋቋመ ወዲህ አንዳንድ አባቶችና እናቶች «ልጆቻችንን የላክናቸው ቀለም እንዲቈጥሩ ነው ወይስ ስለ ሄደች ልጃገረድ እንዲያንጐራጕሩ?» ብለው መጠየቃቸውን ሰምተናል። መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ በቃል ከመከራከር ይልቅ የአንድን ዘፈን ታሪክ ከመነሻው ብተርክ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ዘፈኑ ማሕሙድ አሕመድ የተጫወተው «ኧረ መላ መላ» ነው። ሸክላዎቹ የሚታወቁት በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ ዓመቶቹን በዚያው እጠራለሁ።

መቸም የቁንዝላ ሰው ስለ መለያየት ከሩቅ አገር የሚማረው ነገር የለም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ የሚሻገረው ጀልባ ለብዙ ዘመን በወደባችን ሲያልፍ፥ በዚህ ዳርቻ ቆሞ ያለቀሰ ብዙ ነው። ሊማር የሄደ፥ ሊነግድ የሄደ፥ ለውትድርና የሄደ፥ ተድራ የሄደች ሁሉ በውሃው ላይ እየራቀ ታይቷል። በታንኳ የሚሸኝ ሰው ቶሎ አይሰወርምና ኀዘኑ ይረዝማል። አዝማሪው ይህን በማሲንቆ ሲያሰማን ኖሯል። ትዝታ የምንለውም የአንድ ቅኝት ስምና የአንድ ዘፈን ስም ሆኖ ከእኛ ጋር አርጅቷል። እንግዲህ ነገሩ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከውጭ የመጣው ዕቃው ነው።

የዕቃውን አመጣጥ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲነፉ አይተው ወደ ዐዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ «አርባ ልጆች» የተባሉት ናቸው፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ ወዲያ በክብር ዘበኛ፥ በፖሊስና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተቋቋሙ። ቀን የሰልፍ ማርሽ የሚነፋው ወታደር ማታ በጭፈራ ቤት ሳክስፎኑን ይዞ የፍቅር ዜማ ይጫወት ጀመር። በአሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካኖች በራዲዮ የሚያሰሙትና ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራን ይዘውት የመጡት ሸክላ ደግሞ ለወጣቱ የኤልቪስ ፕሪስሊንና የጄምስ ብራውንን ድምፅ አስለመደው።

ማሕሙድ አሕመድ የተወለደው በ1941 በዐዲስ አበባ፥ በመርካቶ ነው። ትምህርት እምብዛም አልቀናውም፤ በልጅነቱ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል። ቀጥሎም አሪዞና በሚባለው የምሽት ክበብ በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጠረ። በዚያ ክበብ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይመጡ ነበር፤ እርሱም ሳሕን እያነሣ ዘፈኖቻቸውን በቃሉ ያጠና ነበር። በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሳይመጡ ቀሩ። እስኪ እኔ ልሞክር ብሎ ፈቃድ ጠየቀና ዘፈነ። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተቀጥሮ እስከ 1974 ድረስ ቆየ። እዚህ ላይ ወላጆቼን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ፤ ይህ ሰው ከዘፋኞቹ ጋር ከመቆሙ በፊት የሌሎችን ሥራ ቃል በቃል አጥንቶ ነበር። ደብተር ባይኖረውም ተማሪ ነበረ ማለት ነው።

ሸክላ ማሳተም ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስቀረጽና የማስመጣት ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ ግን ከጊዜ በኋላ የወጣቶቹን ዘፈን ማሳተም ተወ። በ1969 ዐምሓ እሸቴ የሚባል ወጣት የሸክላ ነጋዴ ክልከላውን ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረጸና ወደ ሕንድ ልኮ አሳተመው። ሸክላው በገበያ ላይ ሲውል ሕዝቡ ተሻማበት። ዐምሓ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። የማሕሙድ የመጀመሪያ ሸክላም በ1971 የወጣው በዚሁ በዐምሓ ቤት ነው። ዐምሓ ወደ አሜሪካ ተሰዶ ኖረ፤ በ2021 ዐረፈ። ያንን ድፍረት ባያደርግ ኖሮ የነዚያ ዓመታት ድምፅ አብዛኛው ከምሽት ክበብ ግድግዳ ሳይወጣ በቀረ ነበር፤ እኔ እንደዚህ አምናለሁ።

የዐምሓ ተወዳዳሪ የመርካቶው ነጋዴ አሊ አብደላ ካይፋ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «አሊ ታንጎ» በሚለው ስሙ ነው። «ኧረ መላ መላ» በ1975 የታተመው በአሊ ካይፋ ሪከርድስ ነው። ያጀበው ደግሞ አይቤክስ ባንድ ነበር። ይህ ባንድ እንደ ክብር ዘበኛ በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር አልነበረም፤ ወጣቶች በራሳቸው ፈቃድ ተሰብስበው በሆቴል እየተጫወቱ የሚያድሩበት ነበር። በባስ ጊታር ጆቫኒ ሪኮ፥ በጊታር ሰላም ሥዩም ወልደ ማርያም የባንዱ ምሰሶዎች ነበሩ። ሰላም ሥዩም ኋላ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ ጽፏል። ጊታር መምታትና መጽሐፍ መግለጥ አብረው አይሄዱም ለሚል ሰው ይህን አስታውሱት።

አሁን ወደ ዘፈኑ አሠራር ልግባ። ጊታርና ኦርጋን ሲሠሩ በአንድ የድምፅ እርከን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ድምፆች እንዲሰጡ ተደርገው ነው። የእኛ ቅኝቶች፥ ማለት ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ይመርጣሉ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ጊታር መቺ የመጀመሪያው ጥበቡ የቱን እንደሚነካ ሳይሆን የቱን እንደማይነካ ማወቅ ነው። ባስ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራል፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ አንድ ቦታ እየዞረ ይፈጫል እንጂ አይራመድም። በዚያ ላይ ድምፁ ይወጣል። ማሕሙድ አንዱን ፊደል ይዞ ሲያንቀጠቅጠውና ሲያወዛውዘው የሰማ ሰው አዝማሪውን ማስታወሱ አይቀርም። ዘፋኙ ሲያርፍ ሳክስፎኑ ይቀበለዋል፤ ይህም ማሲንቆው ለአዝማሪው የሚመልሰው ዓይነት መልስ ነው። በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ ተቀርጾ ኋላ አይገጣጠምም ነበር። ሁሉም በአንድነት ቆመው ይጫወታሉ፤ አንዱ መጨረሻው ላይ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በሸክላው ላይ የሚሰማው መግባባት የመጣው አብሮ ከማደር ነው።

ርእሱንም ተመልከቱ። መላ ማለት ዘዴ፥ መውጫ መንገድ ማለት ነው። መላው ጠፋኝ እንላለን፤ መላ ምቱልኝ እንላለን። በፍቅር የተጨነቀ ሰው ሊራገም ይችላል፤ ሊፎክርም ይችላል። ይህ ዘፈን ግን ከስሙ ጀምሮ ምክር የሚለምን ሰው ዘፈን ነው። እኔ ከዘፈኑ የምወደው ይህንን ነው፤ ጐልማሳ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ «እኔ ብቻዬን አልቻልሁም» ማለቱን። በአገራችን ወንድ ልጅ እንዲህ ብሎ የሚናገርበት ቦታ ከዘፈን ሌላ ስንት አለ?

ጊዜውም ይታሰብ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት በመስከረም 1974 ነው። ከዚያ ወዲያ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ክበቦችም ተዳከሙ። ብዙ ሰው ታሰረ፥ ብዙ ሰው ተሰደደ፥ ብዙ ሰው ዘመተ። እንዲህ ባለ ዘመን የመለያየት ዘፈን ስለ አንዲት ሴት ብቻ ሆኖ አይሰማም። ሰምና ወርቅ በለመደ ጆሮ፥ መላ የጠፋው አፍቃሪ የጐረቤት ሰው ይሆናል፤ ያ ሁሉ ወላጅ የልጁን መንገድ ሲጠብቅ የነበረበት ጊዜ ነውና። ዘፋኙ ይህን አስቦ ዘፈነ አልልም፤ ሰሚው ግን የራሱን ሳይጨምርበት አልቀረም።

በመለያየት ዘፈን ከተነሣ የራሳችንን የጎጃምን ልጅ ሙሉቀን መለሰን ማለፍ ነውር ይሆናል። እናቱን በልጅነቱ አጥቶ ወደ ዐዲስ አበባ የሄደው ሙሉቀን ገና ጢም ሳያበቅል በፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፈነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ሄደች አሉ» የሚለውን አሰማ። የሁለት ቃል ርእስ ነው፤ ነገር ግን «አሉ» የምትለዋ ቃል ሙሉውን ታሪክ ትይዛለች። መሄዷን ያየ ሌላ ነው፤ እርሱ የሚያውቀው ከሰው አፍ ነው። የሰዋስው መምህራችን ይፍቀዱልኝና፥ ስለ «አሉ» አገልግሎት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሙሉቀን ኋላ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መንፈሳዊ መዝሙር ዞረ፤ በ2024 በአሜሪካ ዐረፈ።

«ኧረ መላ መላ» ግን ከአገር ወጣ። በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድን ሸክላ ሰማና ተደነቀ፤ ዘፋኙን ፍለጋ ወደ ዐዲስ አበባ መጣ። በዚያ ጊዜ ማሕሙድ በፒያሳ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጅግ ድርጅት ሥራውን በዚሁ በ«ኧረ መላ መላ» ስም ለአውሮፓ አሳተመው። ፋልሴቶም ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ዕትም አዘጋጀ፤ ሰባተኛው ዕትም ለዚህ ዘፈን የተሰጠ ነው። (አሳታሚው ድርጅት «ቡዳ ሙዚክ» መባሉ ለእኛ ጆሮ ቢከብድም በኛ ላይ ያደረሰው ክፉ ነገር የለም።) በ2007 ማሕሙድ ከእንግሊዝ የራዲዮ ጣቢያ ከቢ ቢ ሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። የአንድ የመርካቶ ሊስትሮ ድምፅ አማርኛ የማያውቅ ሕዝብ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። ቃሉን ያልተረዳ ሰው ምን ሰማ? ያንን የሚዞረውን ባስና የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ሰማ፤ ለዚህም ነው ስለ አሠራሩ በሰፊው የተናገርሁት።

እዚህ ላይ ደስ የማይለኝን ነገር መሰወር አልችልም። በሸክላ ልባስ ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ነው። ግጥሙን የጻፈው፥ ዜማውን የቀመረው፥ ከበሮውን የመታው ማን እንደ ሆነ በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሸክላዎች ላይ አልተጻፈም። ካሴት ከመጣ በኋላ ደግሞ ባሰ፤ ማንም ሰው በሱቁ እየገለበጠ ይሸጥ ጀመር፤ ለሠሪው ግን ምንም አይደርሰውም። የደራሲን፥ የከዋኝንና የአሳታሚን መብት በአንድነት የሚጠብቀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ2004 ነው። ከ«ኧረ መላ መላ» ኻያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! በዚያ መካከል ስንቱ ሙዚቀኛ በችግር እንዳለፈ ማሰብ ይቻላል።

ለዚህም ነው ክበባችን ከጊታሩ ጋር ደብተር የገዛው። በሰንበትና በሠርግ በዚህ ዳርቻ የሚሰማውን እንጉርጉሮ ስንጽፍ የማን እንደ ሆነ፥ ከማን እንደ ሰማነው፥ በየትኛው ቅኝት እንደ ተዜመ አብረን እንጽፋለን። እናቶቻችን በወፍጮ ላይ የሚሉትን፥ አባቶቻችን በታንኳ ላይ የሚሉትን ሳይቀር። እስከ አሁን ከተሰበሰበው አብዛኛው ስለ መለያየት መሆኑን ስናይ እኛም ተገርመናል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ማታ መጥታ «እማማ፥ ያቺን ዘፈን ከማን ሰማሻት?» ብላ ብትጠይቅ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነውና አትቈጡብን።

አሁን የክበቡ አባሎች አንዱን የኛን አገር የመሰናበቻ ዜማ በክራርና በማሲንቆ ያሰማሉ። የተቀበሉትም ከአንዲት ባልቴት ነው፤ እርሳቸውም በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል።