ምድር ባቡርን ለማየት ስለሚደረግ የተማሪዎች ጉዞ



በሞያሌ በማንያታ ሰፈር የሚማር ሕፃን ምድር ባቡርን በመጽሐፉ ሥዕል ያየዋል እንጂ ጩኸቱን በጆሮው ሰምቶ አያውቅም። በከተማው ሐዲድ የለምና። ከላሙ ወደብ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በሞያሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ እንዲዘልቅ የታሰበው ሐዲድም ገና በዕቅድ ላይ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ወደ ልጆቹ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹን ወደ ባቡሩ መውሰድ የመምህሩ ፈንታ ነው።

ጉዞ ግን በምኞት ብቻ አይፈጸምም፤ አስቀድሞ መድረሻው ይወሰናል። በኬንያ ወገን ለሞያሌ የሚቀርበው የሐዲድ ጫፍ ናንዩኪ ነው። ይሁን እንጂ የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ የማይደርስበት ስለ ሆነ፣ ደክሞ ባዶ ጣቢያ ከማየት ናይሮቢ ይመረጣል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 ከሞምባሳ የተጀመረው ሐዲድ በ1899 ናይሮቢ ደረሰ፤ ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። በ1971 በተከፈተው የባቡር ቤተ መዘክር ያረጁ የእንፋሎት ባቡሮች ቆመው ስለሚገኙ፣ ልጆች ያለ ስጋት ቀርበው የሐዲዱን ስፋት ቢለኩ 1 ሜትር ሆኖ ያገኙታል። በ2017 የተከፈተው አዲሱ ሐዲድ ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊሜትር ነው፤ ባቡሩም ከሲዮኪማው አጠገብ ይነሣል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አማርኛና ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓትን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ይቆጥራል፤ የባቡሩ ሰሌዳ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። በሰሌዳው 8 ሰዓት የተባለው ለልጁ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ይህን ያላስተዋለ መሪ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ይደርሳል።

ሦስተኛው ማደሪያና ምግብ ነው። መንገዱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ሕፃናትን ይዞ በሌሊት ከመጓዝ ማርሳቢት ላይ ሻይና ቻፓቲ ቀምሶ ኢሲዮሎ ማደር ይሻላል። ናይሮቢ ሲደረስ፣ ለዕረፍት የተዘጋ ትምህርት ቤት መኝታ ክፍሉን እንዲፈቅድ አስቀድሞ በደብዳቤ መለመን ይገባል፤ ለልጃገረዶችም የተለየ ክፍልና አብራቸው የምታድር መምህርት ያሻል። ለመንገድ ቆሎና ውሃ ይያዛል። በኢስትሊ ሰፈር እንጀራ ይገኛል፤ በቀረው ጊዜ ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ ይበቃል። የጾመኛውና የእስላሙ ልጅ ምግብ ግን ከመነሣት በፊት ተጠይቆ ይወሰን፤ ማንም ልጅ በሃይማኖቱ ምክንያት ጦሙን እንዳያድር።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። መክፈል የቻለ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ጉዞው ዕውቀትን ማካፈሉ ቀርቶ ድኻውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈሪያ ይሆናል። በመንገዱም ኬላዎች ስላሉ፣ ወረቀት ያልተሟላለት ልጅ እንዳይቀር የትምህርት ቤቱ ደብዳቤና የወላጆች ፈቃድ በጊዜው ይዘጋጅ። ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ፣ የተዋጣው በአንድነት ተይዞ ተጓዦቹ በዕጣ ይለዩ። ዕጣ የወጣላቸውም ያዩትንና የለኩትን ጽፈው ለቀሩት የማስተማር ግዴታ ይኑርባቸው። እንዲህ ሲሆን ጥቂቶቹ ያዩት ባቡር የክፍሉ ሁሉ ትምህርት ይሆናል።