ለገጠር እህቶች የእሳት መዋጮ መክፈያ ጊዜ ይራዘም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)

ከሌሞ፣ ከዱና፣ ከሚሻ፣ ከዳምቦያም ድረስ ሆሳዕና የመጣችሁ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጉዳዬ የእሳት መከላከያና መልሶ ማቋቋሚያ መዋጯችን ነው። በደንባችን መሠረት ቤት ያላት አባል ሁሉ የዓመቱን መዋጮ እስከ መስከረም 30 ትከፍላለች። ያልከፈለች ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ ቤቷ ቢቃጠል ቆርቆሮም ሚስማርም አናደርስላትም። ይህ ቀን ሲወሰን አብዛኞቻችን ደመወዝተኛና ባለሱቅ የከተማ ሴቶች ነበርን። ለእኛ መስከረም ከጥቅምት ብዙም አይለይም። ዛሬ ግን ከአባላቱ የሚበዙት የገጠር ሴቶች ናቸው፤ የሣር ክዳን ቤት ያላቸውም እነሱ ናቸው።

እስቲ መስከረምን በገጠር ሴት ዐይን እንየው። ለያሆዴ ቅቤ ይበላል እንጂ አይሸጥም። በዊጆ ስታጠራቅም የከረመችው ለዚያ ቀን ነው። ከምባታ ውስጥ ለመሳላም እንዲሁ ነው። በዚያው ወር ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ደብተር አለ፣ የደንብ ልብስ አለ። ስንዴው ገና ማሳ ላይ ነው። ከዓመቱ ወራት ሁሉ የገጠር ሴትን ገንዘብ ለመጠየቅ ከዚህ የከፋ ወር ያለ አይመስለኝም፤ እኛ ደግሞ ያንኑ መርጠናል።

ዐምና በጥር ወር የአንዲት አባላችን ቤት ተቃጠለ። ስሟን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። መነሻው ኩራዝ ነው። የሣር ክዳን ጊዜ አይሰጥም፤ ጎረቤት ውኃ ይዞ ሲደርስ ጣሪያው ወድቋል። ከብቶቹን አወጡ። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ስለነበር ተረፈ። የገባው እህል፣ ልብሱ፣ የልጆቹ ደብተር ግን አመድ ሆነ። ይህች ሴት ኅዳር ላይ መዋጮዋን በመቀነቷ ቋጥራ መጥታ፣ “ጊዜው አልፏል” ተብላ የተመለሰች ናት።

ገንዘብ ያዣችን የምታነሣው ሥጋት አለ፤ እውነት አለው። እሳት የሚበረታው በበጋ ነው፤ ሣሩ ሲደርቅ፣ ጭዱ በየደጁ ሲከመር። መክፈያውን እስከ ጥር ካራዘምን፣ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ቤት የሚቃጠልበት ወር ይመጣል። አንዳንዷም ቤቷ ሲቃጠል ብቻ ልትከፍል ትሮጣለች። ለሁለተኛው መልሱ ቀላል ነው፦ የእፎይታው ጊዜ የሚያገለግለው ያለፈውን ዓመት ለከፈለች አባል ብቻ ይሁን። በዚያ መሀል ቤቷ ቢቃጠል እንደርዳት፣ ያልከፈለችው መዋጮ ከእርዳታው ይቀነስ። አዲስ የምትገባ ግን ከፍላ ትጀምር።

ስለ ሳጥኑም አስቤአለሁ። የከተማ አባላት እንደ ወትሯችን በመስከረም እንክፈል። ያ ገንዘብ ከበጋው በፊት መከላከያው ላይ ይዋል፤ በኩራዝ ፋንታ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ይገዛበት። የተረፈው ለክፉ ቀን ይቀመጥ። (የጭዱን ክምር ከማድ ቤት ማራቅ እንኳ ገንዘብ አይፈልግም፤ ባሎቻችሁን መጨቅጨቅ ብቻ ነው።) የገጠሩ መዋጮ በጥር ሲገባ የወጣውን ይተካል።

አሁን ደግሞ የሚከብደው ጥያቄ። ጥር በእርግጥ የሴቷ ወር ነው? በታኅሣሥና በጥር የመሬት መጠቀሚያው፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ የጤና መድኑ፣ ሁሉም አዝመራ ገባ ብሎ አንድ ደጅ ላይ ይሰለፋል። ስንዴው ሲሸጥም ብሩ የሚገባው በአብዛኛው ባልየው ኪስ ነው። በእሷ እጅ የሚገባው በገበያ ቀን የቅቤው፣ የእንቁላሉ፣ የቆጮው ዋጋ ነው፤ ያም ጥቂት በጥቂት ነው። ባሏ የሞተባትማ ወይም ሰውየው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ የጠፋባት ሌላ ኪስ የላትም። ስለዚህ ቀኑን መግፋት ብቻውን አይበቃም። ከጥቅምት ጀምሮ በየገበያው ቀን ያላትን እየከፈለች፣ ጥር 30 ላይ ትጨርስ። በየቀበሌው ያሉ ተወካዮቻችን ደረሰኝ ይያዙ፤ ለአንድ ክፍያ እስከ ሆሳዕና የትራንስፖርት ብር እንዳታወጣ።

የጤና መድኑን ካነሣሁ አይቀር፣ እኛው አካባቢ ትምህርት አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከምባታ ውስጥ ዳምቦያ አንዷ ነበረች። መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሳይታደስ የታመመ ሰው ከኪሱ ከፍሎ ይታከማል። ከዳምቦያ የመጣችሁ እህቶች ማሳደስ የዘነጋ ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። እኛ ግን ትንሽ ማኅበር ነን፤ እያንዳንዷን በስም እናውቃታለን። ቀኑ ያለፈባትን ሴት ከመሰረዝ በፊት ቤቷ ሄደን መጠየቅ እንችላለን።

የውሳኔ ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ለገጠር አባላት የመክፈያው መጨረሻ ከመስከረም 30 ወደ ጥር 30 ይራዘም፤ በየገበያው ቀን ቀስ በቀስ መክፈል ይፈቀድ፤ ዐምና የተመለሰችው እህታችን መዋጮዋ ተቀብሎ የቆርቆሮ እርዳታው ይሰጣት። ከድምፅ በፊት ግን ጸሐፊያችን ይህን በሀዲይኛና በከምባትኛ ለእናቶች ታስረዳልን፤ ከዚያ እጅ እናውጣ።