ክብሪቱን ተዉት

ከጣራ ገዳም እስከ ወረታ ያላችሁ ወገኖቻችን፣

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሲወድቅ ብዙዎቻችን ጭሱን እንዲያሸት ክብሪት ፍለጋ እንሮጣለን። ጭሱ ግን አያድነውም፤ ትንፋሹን ያውከዋል እንጂ። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አጥፋችሁ አድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ የሚወድቅበት ቦታ ነው፦ የሚነድ ምድጃ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች፣ ውሃ የያዘ የሩዝ ማሳ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ቢታከሙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70ዎቹ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ፊኖባርቢታል ውድ ኪኒን አይደለም፤ ግን በየቀኑ ይዋጣል፣ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ይብሳል። ጸበል የሚጠመቅ ልጅም ኪኒኑን አይተው።

አዲስ አበባ ውስጥ እናት የውነቱ የተባለች ሴት፣ ራሷ ሕመሙ እያለባት፣ ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት መሥርታ ሕሙማንንና ቤተሰቦቻቸውን ትደግፋለች። እኛ ደግሞ ዕድር አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን። የሰፈራችንን አንድ ልጅ የመድኃኒትና የመሳፈሪያ ወጪ መሸፈን አያቅተንም። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አንሱት።