የሚያክመንን ማን ያሳድረዋል?

(በድሬዳዋ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ሀገራችንን ሲመታ፣ በአዲስ አበባ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነርሱም በዚያው በሽታ ያለፉ አሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር፣ የባለሙያና የመሣሪያ እጥረት ዳግመኛ ፈተነን። ከጅቡቲ የሚመጣ መንገደኛ በሚያልፍባት በከተማችን ደግሞ ስጋቱ ቅርብ ነበር።

ጭንብል፣ ጓንት፣ ኦክስጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ ባለጸጎቹ ሀገሮች ሳይቀሩ ይሻሙባቸው ነበር። ቢሆንም መሣሪያ በግዢም በእርዳታም ይመጣል። መሣሪያውን ቀንና ሌሊት የሚከታተል ነርስ ግን ዓመታት ወስዶ የሚሠለጥን ነው፤ በጭንቅ ቀን ተፈልጎ አይገኝም።

በዚያ ወቅት እኛ ሳሙናና ጭንብል ስናከፋፍል፣ ባለሙያዎቹ የት እንደሚያድሩ አልጠየቅንም ነበር። አንዲት ነርስ በድሬ ሙቀት የመከላከያ ልብስ ለብሳ ውላ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ አከራይዋ ክፍሉን እንድትለቅ ነገሯት። እኚህ እናት ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከእኛው ጋር የሚያስቀድሱ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የፈሩ ናቸው። ነርሷ ሥራዋን ትታ ወደ ወላጆቿ ለመሄድ ቆርጣ ነበር። የንስሐ አባታቸውና አንድ የጤና ባለሙያ ሄደው የበሽታውን መተላለፊያና መከላከያ ካስረዷቸው በኋላ፣ እናታችን በግቢያቸው ለብቻዋ ያለችውን ክፍል ሰጧት። ነርሷም በሥራዋ ጸናች። ያን ጊዜ ከሕሙማን አጠገብ አንድ ሰው ሊጎድል የነበረው በበጀት ማነስ ሳይሆን በእኛው ፍርሃት ነበር።

ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ቁስሉን ካሰረለት በኋላ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶታል። ዛሬ ግን ቁስል የሚያስረው ራሱ ማደሪያ ሊያጣ እንደሚችል አይተናል።

ስለዚህ ጤናው ሳለ እንዘጋጅ። በየአጥቢያችን ያሉትን የጤና ባለሙያዎች፣ ጡረታ የወጡትንም ጭምር፣ በፈቃዳቸው እንመዝግብ። በጭንቅ ጊዜ የሚያርፉበትን ክፍል ከወዲሁ እንለይ። ተረኛ ሲሆኑ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ፣ ምግብ የሚያደርሱ ምእመናንን እንመድብ። ካህናት አባቶቻችንም ፍርሃት ወደ ማግለል እንዳይለወጥ በየጉባኤው ያስተምሩ።

እግዚአብሔር ሀገራችንን ከመቅሠፍት ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።