ስለ ሂፕ ሆፕ ዘፈን ያለን አስተያየት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የቆምነው እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለምንወደው ስለ ሂፕ ሆፕ ዘፈን ነው። ብዙ ወላጆች ዘፈኑ ጩኸትና ከንቱ ጉራ ነው ይላሉ። በአባባላቸው ውስጥ እውነት ስላለ፥ አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሲዘጋ አምስት ሆነን በዚሁ ሜዳ ላይ ራፕ አሰማን። ከውጭ አገር ዘፋኞች ቃል እየለቀምን ስለ ወርቅ ሐብልና ስለ ውድ መኪና ፎከርን። ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ አባት ትርጉሙን ጠይቀውን ነገርናቸው። እርሳቸውም «ልጆቼ፥ መኪናው የት ቆሟል?» አሉን። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኛ ግን አቀረቀርን።

ነገሩን ስንመረምረው አባታችን የጠየቁን የአገሩን ደንብ ነው። በባሌ ጌረርሳ የሚያሰማ ሰው፥ በአማራም አገር የሚፎክር ጀግና፥ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል ይሳቅበታል። ዳዊትም ጎልያድን ሊገጥም ሲነሣ ለሳኦል የነገረው አንበሳና ድብ መግደሉን ነው። እንግዲህ ነውሩ ፉከራው ሳይሆን ሥራ የሌለው ፉከራ ነው።

ሂፕ ሆፕም ሲጀመር የባለጠጎች ዘፈን አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፥ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሰፈር፥ ዲጄ ኩል ሄርክ የተባለው የጃማይካ ተወላጅ እኅቱ ባዘጋጀችው ጭፈራ ላይ ሸክላ አጫወተ። ዕድሜው እንደ እኛ 18 ዓመት ነበር። ጨፋሪዎች ከበሮው ጎልቶ የሚሰማበትን ቦታ እንደሚወዱ ስላስተዋለ፥ በሁለት ሸክላ እየደጋገመ ያንኑ ቦታ ማስረዘምን ፈጠረ። በእጁ ባለው ነገር ሠራ ማለት ነው።

ደግሞም የውጭዎቹ ዘፋኞች ከእኛ ይወስዳሉ። ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2002 ዓ.ም. ባወጡት አንድ ዘፈን ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ ይሰማል። ኬንድሪክ ላማርም በ2007 ዓ.ም. ባወጣው አልበም «ንጉሥ» የሚለውን የእኛን ቃል ለወገኖቹ የክብር ስም አድርጎ አስተምሯል። እነርሱ ከእኛ ዜማና ቃል ሲወስዱ፥ እኛ የእነርሱን ሐብል መዋሳችን ያሳፍራል።

ከእኛ መካከል አንዱ «ምቱ ካማረ ቃሉ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። አብዛኞቻችን ግን አንስማማም። የምንወደው፥ ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር እንዳዋሐደ፥ አገሩን ያልረሳውን ዘፈን ነው። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ዘፋኙ የሚያውቀውን ኑሮ ሲናገር ደስ ይለናል። ሴቶችን የሚያዋርደውን ግን ምቱ ቢያምርም አንወድም።

ዘንድሮ የገጠምነው ስለ ጎሮ የስንዴ አጨዳ ነው፤ ከዚህ ንግግር በኋላ እናሰማችኋለን። ያ አባት ዛሬ ከመካከላችሁ ካሉ «ስንዴው የት አለ?» ብለው እንዲጠይቁን እንለምናለን። ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ያጨድነውም በእጃችን ነው።