ስለ ሦስት ወሩ መርፌ ዝም አንበል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊዋ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ቡና ላይ በሹክሹክታ ስለምናወራው ስለ ሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው። ነገሩ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአገራችን ባለትዳር ሴቶች 23 ከመቶው መርፌ ተጠቃሚ ነበሩ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ተወግቼዋለሁ፤ ባለማወቄም ተጎድቻለሁ። ሦስተኛ ልጄን ወልጄ መርፌውን ጀመርኩ። መጀመሪያ ደሙ ጠብ ጠብ እያለ አስቸገረኝ፤ ቆይቶ የወር አበባዬ ጨርሶ ቀረ። «ደሙ እኮ ሆድሽ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው» ሲሉኝ ደነገጥኩና ማንንም ሳልጠይቅ ቀጠሮዬን ተውኩት። ዓመት ሳይሞላ አራተኛውን አረገዝኩ። ልጄን እወደዋለሁ፤ ግን ያን ጊዜ ጉሊቴን ዘግቼ ቤቴ ተቸገረ።

ኋላ ከጤና ጣቢያ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ደሙ የትም አይጠራቀምም። መርፌው የማሕፀንን ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚፈስ ነገር አይኖርም። አንድ ዓመት ከተወጉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ ማለቱም የተለመደ ነው፤ ካስቸገረ ባለሙያዋ ለጥቂት ቀን የሚዋጥ ኪኒን ታዛለች። ክብደት በዓመት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ራስ ምታትና መከፋትም ያጋጥማል። መርፌው መካን አያደርግም፤ ካቆሙት በኋላ ግን ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ከተለመደው እጥፍ የሚፈስ ወይም ከ8 ቀን በላይ ሳያቋርጥ የሚቆይ ደም፣ ዓይን ከሚያጭበረብር ጋር የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

ቀጠሮ ያሳለፈችም አትፈር። እስከ 4 ሳምንት ብትዘገይም ሄዳ መወጋት ትችላለች። መርፌው ካልተስማማሽ ኪኒን አለ፣ ክንድ ላይ የሚቀበር አለ፣ ሉፕ አለ። መርፌው ኤችአይቪን እንደማይከላከልም አትርሱ፤ ለእሱ ኮንዶም ያስፈልጋል።

አባቶች ሆይ፣ ሚስት ስትከፋ ወይም ደም ሲበዛባት ከመቆጣት በፊት «ምን ሆነሽ?» በሉ፤ አብራችኋትም ሂዱ።

እህቶቼ፣ መተው መብታችሁ ነው። ግን እንደኔ በወሬ አትተዉት፤ ጠይቃችሁ፣ ሌላ መርጣችሁ ተዉት።