ትንንሽ የብረት ክፍሎችን ለቀለም ስለ ማዘጋጀት

(በባቲ ከተማ ለእጅ ሥራ ባለሙያዎችና ለቴክኒክ ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ስለ ታላላቅ ሥራዎች ብዙ ተነግሯል። እኔ ዛሬ የማቀርብላችሁ ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ለድልድይና ለሕንፃ ሞዴል የሚሆኑ ትንንሽ የብረት ክፍሎች ቀለም ከመቀባታቸው በፊት እንዴት ሊዘጋጁ እንደሚገባ ነው።

ሞዴል መጫወቻ አይደለም። የመሐንዲስን ንድፍ ለማንበብ የሠለጠነ ሰው ጥቂት ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ግን ሸማቹ ዕቃውን አገላብጦ ሳይመረምር ገንዘቡን አይከፍልም። በመንደሩ ወንዝ ላይ ስለሚሠራ የእግረኛ ድልድይ ሐሳቡን የሚጠየቅ ገበሬ ወይም አርብቶ አደርም እንዲሁ አይቶና ዳስሶ ሊፈርድ ይገባዋል። የሞዴሉ ቀለም በጣቱ ተልጦ ቢቀር፣ «ይህን ያላጠበቀ ድልድዩን እንዴት ያጠብቃል?» ማለቱ አያስወቅሰውም።

የችግሩን ምክንያት በቁጥር እንመልከት። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የድልድይ መደገፊያ ዘንግ በ1 ለ50 መጠን ሲሠራ 0.4 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሆናል። በዙሪያው 0.1 ሚሊ ሜትር ቀለም ቢለብስ ሽቦው 0.6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም የእውነተኛውን ድልድይ ዘንግ 30 ሚሊ ሜትር እንደ ማድረግ ይቆጠራል። ስለዚህ የሞዴል ቀለም እጅግ ስስ መሆን አለበት። ስስ ቀለም ግን ጉድፍን አይደብቅም፤ ጥንካሬውም በታችኛው ገጽ ዝግጅት ላይ የተመሠረተ ነው።

የመጀመሪያው ጠላት ቅባት ነው። ቆሻሻ ያለበት ብር ብየዳ እንደማይቀበል አንጥረኞቻችን ከእኛ አስቀድመው ያውቃሉ። የተበየዱት ክፍሎች በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታሽተው ይለቅለቁ። ውሃው በገጹ ላይ ሳይቆራረጥ ከተዘረጋ ብረቱ ንጹሕ ነው፤ እንደ ጤዛ ከተሰበሰበ ግን ቅባት ስለ ቀረ እጥበቱ ይደገም። ከደረቁ በኋላ የጣት ላብ እንዳይነካቸው በወረንጦ ይያዙ።

ሁለተኛው የገጹ ልስላሴ ነው። ናስና መዳብ በ400 ወይም በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይፈተጉ። የጠቆረውን ናስ ለጥቂት ደቂቃዎች በኮምጣጤ ነክሮ በሚገባ ማጠብ ይበቃል። የባትሪ አሲድ መጠቀም ግን ዓይንንና ቆዳን ለአደጋ ማጋለጥ ስለ ሆነ ፈጽሞ አያስፈልግም።

ሦስተኛው በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ነው። ቁርጥራጩ በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙዎቻችን እንሠራበታለን። ዘይት ነክ ቀለም በቀጥታ ሲቀባበት ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፤ ቀለሙም ውሎ አድሮ ይላጣል። በቆርቆሮ በሮቻችንና ጣሪያዎቻችን ላይ ለምናየው መላጥም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ለዚንክ የሚስማማ ፕራይመር በስሱ ይቀባ።

የአገሩ ጠባይም ይታሰብበት። በቀትር ሙቀትና ነፋስ በመርጫ የሚነፋ ቀለም ብረቱ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቃል፤ ገጹም እንደ አሸዋ ይሻክራል። አቧራውም ይጣበቅበታል። ሥራው አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት በጠዋት፣ ነፋስ በማይመታው ነገር ግን አየር በሚገባበት ቦታ ይከናወን።

ሞዴሉን ሕፃናትም ይነኩታልና የቀለሙ ዓይነት ቀላል ነገር አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ ቀለም አትጠቀሙ። የብየዳ እርሳስ የነካ እጅም ምግብ ከመቅረቡ በፊት ይታጠብ።

እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ትዕግሥትን ግን የሚሹ ተግባሮች ናቸው። ሕዝቡ ስለ ድልድዩ ተማክሮ እንዲወስን የምንጠይቀው በእጃችን የሠራነውን አሳይተን ነውና፣ የምናሳየው ነገር የሚታመን ይሁን።